ይሉኝታና ዐይብ

ወደ ካርቱም በገባሁ በሳምንቴ ነው፤ ዘመኑ 1995 ዓ.ም.። ታላቅ እኅቴ በቡሪ፣ ከጥቁር ዓባይ ዳር ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ሱዳኖች «ሖሽ» በሚሉት ሰፊ ግቢ ጥግ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። እርስዋ ወደ ሥራ ሄዳ እኔ ብቻዬን በተቀመጥሁበት፣ የግቢው ባለቤት የሆኑት ወይዘሮ «ዐይብ! ዐይብ!» እያሉ ሲጮኹ ሰማሁ። ያን ጊዜ የማውቀው ዐረብኛ ከሰላምታ አያልፍም ነበርና በር ላይ አይብ ሻጭ የመጣ መስሎኝ ሳንቲሜን ጨብጬ ወጣሁ። አይብ ግን አልነበረም። አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው የልጅ ልጃቸው ብስኩት በእጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ብላቴናው እኔን ሲያይ ብስኩቱን ለሁለት ሰበረና ግማሹን ዘረጋልኝ። ጥፋቱ እንግዳ ባለበት ግቢ ብቻውን መብላቱ ኖሯል፤ እንግዳዋም እኔ ነበርሁ።

ማታ ነገሩን ለእኅቴ ባጫውታት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ዐይብ ማለት ነውር ማለት ነው፤ እዚህ አገር ልጅ ከዳቦ አስቀድሞ የሚለምደው ቃል ነው» አለችኝ። እኔም ወይዘሮዋን እንደ ሰፈሩ ልጆች «ኻልቲ»፣ አክስቴ፣ ማለት ጀመርሁ። እርሳቸውም «ያ ቢቲ»፣ ልጄ፣ ይሉኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት ቃልን ከዐረብኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ ዐረብኛ ማሻገር እንጀራዬ ሆነ። በሐኪም ፊት፣ በዳኛ ፊት፣ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ቆሜ ብዙ ተርጉሜአለሁ። «ዐይብ»ን «ነውር» ብሎ መመለስ አላስቸገረኝም። «ይሉኝታ»ን ግን እስከ ዛሬ በአንድ የዐረብኛ ቃል ልመልሰው አልቻልሁም። ዐይብ ከውጭ የሚወረወር ቃል ነው፤ እናት በልጅዋ፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ይወረውረዋል። ይሉኝታ ግን ማንም ሳይናገር ከውስጥ የሚሰማ ድምፅ ነው። ቃሉ ራሱ «እንዲህ ይሉኛል» ከሚል ሥጋት የተበጀ ነው፤ የግሡ ባለቤት «እነርሱ» ሲሆን ተሳቢው «እኔ» ነኝ። በዚች በአንዲት ቃል ሰዋስው ውስጥ ሰው ከማኅበሩ ጋር የሚኖረው ኑሮ ሁሉ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ለመሆኑ ሰው «ጠባዬ» የሚለው ነገር ምን ያህሉ የራሱ ነው? ምን ያህሉስ የቆመበት ክብ ያዋሰው ነው? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላነሣሁትም። ቡሪ ናት ያነሣችብኝ።

ነገሩ በቀላሉ ነው የጀመረው። በመጀመሪያው የረመዳን ወር፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር፣ ኻልቲ በግቢው መካከል ማዕዱን ዘርግተው «ተፈደሊ» አሉኝ። እኔም አገሬ ያስተማረችኝን ትሕትና ይዤ፣ ሆዴ እየጮኸ፣ «አከልተ»፣ በልቻለሁ፣ አልሁ። እንግዳ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተለመነ አይቀርብማ! ግቢው በሳቅ ተሞላ። አገሩ ሁሉ ቀኑን ሲጾም ውሎ አፉን ሊከፍት ባለበት ደቂቃ «በልቻለሁ» ማለት በእኛ ዘንድ ጨዋነት፣ በእነርሱ ዘንድ ግን ግራ የሚያጋባ ኑዛዜ ነበር። በእነርሱ ወግ «ተፈደል» የተባለ ሰው ይቀመጣል፤ ካልተቀመጠ ጋባዡ ሚስቱን ሊፈታ እስከ መማል ይደርሳል። አንዱ ተግባር፣ አንዱ ረኃብ፣ አንዱ ማዕድ፤ ትርጉሙ ግን በክቡ ልክ ይለወጣል።

ቀስ በቀስም በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ሴት ሆንሁ። ከእኅቴ ክፍል እስከ ዋናው መንገድ መቶ እርምጃ ያህል ነው፤ በመንገዱ አጋማሽ እጄ ሳላዘው ጠርሐዬን ወደ ግንባሬ ይስባል፣ ድምፄ ዝቅ ይላል፣ እርምጃዬ ይቀየራል። በእርግጥ ሕግም ነበረ፤ በካርቱም በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕዝብ ሥነ ሥርዓት ሕግ በሴት ልጅ አለባበስ ሳቢያ ስንቱን እኅታችንን ፖሊስ ጣቢያ አስውሏል። ሕጉ በኖቬምበር 2019 እ.ኤ.አ. ተሻረ። የእኔ እጅ ግን ከተሻረም በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው እርምጃ ላይ መነሣቱን አልተወም። ሕግ የሚሻረው በአዋጅ ነው፤ ልማድ ግን አዋጅ አይሰማም።

ከሁሉ ይልቅ ጠንካራ ሆኖ ያገኘሁት የሥጋን ነገር ነው። በአገራችን ክርስቲያን የእስላም፣ እስላምም የክርስቲያን እርድ እንደማይበላ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በአንድ ሠርግ ሁለት ድንኳን፣ ሁለት በሬ፣ ሁለት ቢላዋ ይዘጋጃል፤ ጠብ ግን የለበትም፤ ያደግንበት ነው። ካርቱም ከመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ይህን ልማድ በስደት አላልተውታል። እኔ ግን አላላላሁትም። ጾም የምገድፍ፣ ቤተ ክርስቲያን የምሳለመው ከስንት አንዴ የሆንሁ ሴት፣ በዚህ ብቻ እንደ ባሕታዊ ጸናሁ። ለምን እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ ሃይማኖት ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን የምፈራው «ይህችማ አገርዋን ረሳች» ይሉኛል ብዬ ነበር። የሚሉት ሰዎች በአንድ ሺሕ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ሞተዋል።

* * *

እስከዚህ ያለው ለጨዋታ የሚመች ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ለብዙ ዓመታት ለማንም ያልነገርሁት ነው።

በጃንዋሪ 2005 እ.ኤ.አ. በሰሜንና በደቡብ ሱዳን መካከል ከሃያ ዓመት በላይ የቆየውን ጦርነት የዘጋው ስምምነት ተፈረመ። የደቡቦቹ መሪ ዶክተር ጆን ጋራንግ በጁላይ 9 ቀን የአገሪቱ ቀዳሚ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ካርቱም ላይ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ሕዝቡም በደስታ ተቀበላቸው። ሦስት ሳምንት እንዳለፈ የተሳፈሩበት ሄሊኮፕተር ወድቆ ሞቱ። ወሬው ካርቱም የደረሰው ሰኞ ነሐሴ ሊገባ ሲል፣ ሐምሌ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. ነበር። ተገደሉብን ብለው የጠረጠሩ ደቡቦች በቁጣ ወጡ፤ ሱቅ ተቃጠለ፣ መኪና ተሰበረ፣ ሰው ተደበደበ፣ ሰው ተገደለ። በማግስቱም የሰሜን ሰዎች ዱላና ብረት ይዘው በየሰፈሩ ደቡቦችን ማደን ጀመሩ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመቶ በላይ ሰው አለቀ። እሑድ ዕለት በአንድ አውቶቡስ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዱ የሌላውን መልክ አይቶ የሚሸሽ ወይም የሚያሳድድ ሆኑ።

በእኛ መንገድ ላይ የሰፈሩ ወጣቶች ዱላ ይዘው ጥግ ጥጉን ቆሙ። አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፤ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን የሚሸከሙልኝ፣ «ያ ኡኽቲ» የሚሉኝ ልጆች ናቸው። ከሥራ ስመለስ አንዱ፣ ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ፣ መንገዴን ዘጋና ማን እንደ ሆንሁ ጠየቀኝ። ኻልቲ ከበራቸው ብቅ ብለው «ዲ ሐበሺያ! ዲ ቢትና!» ብለው ጮኹ፤ ሐበሻ ናት፣ ልጃችን ናት። ልጁ ወዲያው ዱላውን ዝቅ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሁለት ቃል አዳነችኝ። ከመዳኔ በፊትና በኋላ ግን ያው እኔው ነበርሁ።

በሦስተኛው ቀን የግቢው በር ተንኳኳ። በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች ልብስ የምታጥብ የደቡብ ሴት ነበረች። እኔ ወደዚያ ግቢ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት ስትመላለስ የኖረች፣ ከኻልቲ ጋር በአንድ አንግሬብ ተቀምጣ ሻይ የምትጠጣ፣ የልጅ ልጃቸውን በጀርባዋ ያዘለች ሴት ናት። «ኻልቲ! ኻልቲ!» ትላለች፤ እኔ በምጠራቸው በዚያው ስም። ኻልቲ ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ፤ እጃቸውን መቀርቀሪያው ላይ አኖሩ። ከውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የወጣቶቹ ድምፅ ይሰማል። እጃቸው መቀርቀሪያው ላይ ቆየ፤ ቆየ፤ ከዚያም ወረደ። ተመልሰው አንግሬባቸው ላይ ተቀመጡና ቶባቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። በሩ ሁለት ጊዜ ተንኳኳና ዝም አለ። ሴትዮዋን ዳግመኛ አላየናትም።

እኔስ? እኔ ከኻልቲ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። «ክፈቱላት» ለማለት የሚበቃ ዐረብኛ በዚያን ጊዜ አውቅ ነበር። መቀርቀሪያውም ለእኔ ሩቅ አልነበረም። «እንግዳ ናት፣ በሰው አገር ነገር ምን አገባት ይሉኛል» ብዬ ዝም አልሁ። ያን ዕለት በግቢው ውስጥ «ዐይብ!» ብሎ የጮኸ ሰው አልነበረም።

* * *

ከዚያ ዓመታት በኋላ ለአንድ ሥልጠና የሚሆን ጽሑፍ ስተረጉም ሄንሪ ታጅፌል የሚባል ሊቅ ሥራ ገጠመኝ። ሰውየው ፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ሲዋጋ በጀርመኖች ተማረከ፤ አይሁዳዊነቱን ባይሰውርም የፖላንድ ሳይሆን የፈረንሳይ አይሁዳዊ ነኝ በማለቱ ተረፈ። ከጦርነቱ ሲመለስ ቤተ ዘመዱ አልቆ ጠበቀው። እርሱ ያው እርሱ ነው፤ በአንዱ ስም ሟች፣ በሌላው ስም ምርኮኛ። ሰው ሰውን በወገን ከፍሎ የሚያይበት ነገር ከምን ተነሥቶ እንደሚጀምር መመርመር የዕድሜ ልክ ሥራው መሆኑ አያስገርምም።

ታጅፌል በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በእንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ከተማ፣ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት የሆናቸውን ተማሪዎች በሁለት ከፈላቸው። እናንተ የዚህን ሠዓሊ፣ እናንተ የዚያን ሠዓሊ ሥዕል ወደዳችሁ አላቸው እንጂ ክፍፍሉ በዕጣ እንደ መጣል ያለ ነበር። የቆየ ጠብ የለ፣ ቋንቋ የለ፣ ርስት የለ፤ ልጆቹ በቡድናቸው ውስጥ ማን ማን እንዳለ እንኳ አያውቁም። ከዚያም ጥቂት ገንዘብ ለማያውቋቸው ልጆች እንዲያካፍሉ ተደረገ። ለ«ወገናቸው» አበለጡ። ከዚህ የሚብሰው፣ ሁለቱም ብዙ ከሚያገኙ ይልቅ የእነርሱ ወገን ትንሽ አግኝቶ ሌላው ከዚያም ያነሰ ቢያገኝ የሚመርጡበት ጊዜ መኖሩ ነው።

ይህን ስተረጉም ብዕሬ ቆመ። ወገን ለማበጀት ደም፣ ቋንቋና ታሪክ ያስፈልጋል ብዬ አምን ነበር። ለካ አንድ ስም ይበቃል! ታሪኩን በኋላ እንጽፍለታለን። ኻልቲም በበሩ አጠገብ የታዘዙት ክፋታቸውን አልነበረም፤ በዚያን ሰዓት የተሠመረውን መሥመር ነበር። ይህን ስል ግን እርሳቸውንም ራሴንም ነጻ ማውጣቴ አይደለም። መሥመሩን የሠመረው ሌላ ቢሆንም መቀርቀሪያው ላይ የነበረው እጅ የእኛው ነው።

* * *

ሌሎችን መታዘብ ይቀላል። ስለዚህ ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ።

በ2000 ዓ.ም.፣ አገር ቤት አዲሱን ሺሕ ዓመት በተቀበለበት ዓመት፣ በቡሪና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ያቋቋምነው አንድ እድር ነበረን። መጽሐፍ አንባቢ ነሽ ተብዬ ጸሐፊነቱ ለእኔ ተሰጠ። በዚያው ዓመት፣ በዋናው መንገድ ዳር በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ከሰል አያይዛ ሻይና የጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት ወጣት በወባ ታማ በአራተኛው ቀን ሞተች። ካርቱም ከገባች ዓመት አልሞላትም። ዘመድ አልነበራትም፤ ስምዋም በእድሩ መዝገብ ላይ የለም።

ኮሚቴው በዚያው ምሽት ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ቅን ሰው፣ የመተዳደሪያ ደንቡን አስነበቡ፤ ሦስት ወር ያላዋጣ ሰው እድሩ አይቀብረውም ይላል። ከዚያም ከማዕዘን አንድ ድምፅ «ለመሆኑ የየት አገር ልጅ ናት?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የጂኦግራፊ ጥያቄ እንዳልነበር ሁላችንም እናውቃለን። ማንም አልመለሰም። ማንምም «ምን ያገባናል፣ የሰው ልጅ ናት፣ እንቅበራት» አላለም። እኔ ዙሪያዬን ተመለከትሁ፤ የሁሉም ፊት እንደ ተዘጋ በር ነው። እንግዲህ የሁሉም አሳብ ይህ ከሆነ እኔ ማን ነኝ? በዕድሜ ታናሽ፣ የተመረጥሁትም ለመጻፍ እንጂ ለመናገር አይደለም። ብዕሬን አነሣሁና «ጥያቄው በደንቡ መሠረት ተቀባይነት አላገኘም» ብዬ በንጹሕ አማርኛ ጻፍሁ። የእጄ ጽሑፍ ያማረ ነበር።

በዚያ ሌሊትና በማግስቱ ምን እንደ ሆነ ልንገርህ፣ አንባቢ ሆይ። መጀመሪያ የመጣችው ገንዘብ ያዥዋ ናት፤ ገንዘብ ጠቅልላ «ከእኔ እንደ ሆነ ለማንም አትንገሪ» አለችኝ። ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሌላው። «የየት አገር ልጅ ናት» ያለው ሰው ጭምር መጥቶ «እኔ እኮ ዘመድ ካላት ለመጥራት ብዬ ነው የጠየቅሁት» አለኝ፤ ዓይኑም እንባ ያዘለ ነበር። ጋሼ ራሳቸው ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ከኮሚቴው አባላት አብዛኞቹ በልባቸው እንድትቀበር ወስነው ነበር፤ እያንዳንዳቸውም ሌሎቹ ሁሉ እንቢ ያሉ መስሏቸው ዝም አሉ። በዚያች ክፍል ውስጥ ልጅቱን አንቀብርም ያለ ሰው አልነበረም። አንቀብርም ያለው ማኅበሩ ነበር፤ ማኅበሩም እኛ ነበርን።

ሰሎሞን አሽ የተባለ ሌላ ሊቅ በ1951 እ.ኤ.አ. ይህን የመሰለ ነገር አሳይቷል። አንድ ሰው ከብዙዎች ጋር ተቀምጦ የመሥመሮችን ርዝመት እንዲያመዛዝን ይጠየቃል፤ መልሱ ለዓይን የተገለጠ ነው። ሌሎቹ ግን አስቀድመው ተመካክረው የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ከተፈተኑት ሰዎች ሦስት አራተኛው ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ብዙኃኑ ያለውን አሉ። ከዚህ ጥናት ሁሉ ልቤን የነካው ግን ሌላው ክፍል ነው። ከብዙዎቹ መካከል አንድ ሰው ብቻ እውነተኛውን መልስ ሲሰጥ የተፈታኙ ሰው አንደበት በብዛት ይፈታል። አንድ ሰው! በዚያ ምሽት በእድራችን የጠፋው ጀግና አይደለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ልጅቱን ያነሣት ማን ሆነ? ኻልቲ ናቸው። ወሬውን የሰሙት ከመንገድ ልጆች ነው። ግቢያቸውን አስጠርገው ወንበር አስደረደሩ፤ ሱዳኖች የሐዘን መቀመጫውን በእኛው ቃል «ፍራሽ» ይሉታል፤ ፍራሽ ተነጠፈ ተባለ። ከዚያም በአገሩ ወግ «ከሽፍ» የሚባለው ዝርዝር ተከፈተ፤ ለቀስተኛ ሁሉ ስሙንና ያዋጣውን የሚጽፍበት ወረቀት ነው። አንድ ሽማግሌ ሟችዋ ክርስቲያን መሆንዋን ሰምተው ወይዘሮዋን ምንዋ እንደ ሆነች ቢጠይቋቸው «ጃረትና»፣ ጎረቤታችን፣ ብለው በአንድ ቃል መለሱ። በዚያ አገር ጎረቤት ከቤት ይቀድማል የሚል ተረት አለ፤ እኛም ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንላለን። የቡሪ ወንዶች ጀላቢያቸውን ለብሰው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ስምዋን እንኳ በትክክል መጥራት ለማይችሉት የሐበሻ ልጅ ሐዘናቸውን ገለጹ። እኛም በስውር ያሰባሰብነውን ገንዘብ ይዘን፣ ካህን ጠርተን፣ ፍትሐት ተደርሶላት በክርስቲያኖች መካነ መቃብር ቀበርናት።

ሁለቱን መዝገቦች በአንድ ቀን በእጄ ያዝሁ። የእድራችን መዝገብ ማን እንዳዋጣ አይቶ ማን እንደሚቀበር ይወስናል፤ ከሽፉ ደግሞ ማን እንደ ተቀበረ አይቶ ማን እንደሚያዋጣ ይጠይቃል። እድሩን ማቃለሌ አይደለም። እድር በስደት ስንቱን አስከሬን ለአገሩ አፈር ያበቃ፣ ስንቱን ወላጅ አልባ ያቆመ ትልቅ ነገር ነው፤ ደንብ የሌለው እድርም ዓመት አይቆይም። ነገር ግን ደንቡን ስንጽፍ «እኛ» ማን እንደ ሆንን አብረን እንጽፋለን፤ ከዚያም ደንቡ በተራው እኛን ይጽፈናል።

ኻልቲስ? በ1997 ዓ.ም. መቀርቀሪያውን የለቀቀችው እጅና በ2000 ዓ.ም. ፍራሽ ያነጠፈችው እጅ አንድ ናት። ደግ ናቸው ወይስ ክፉ? ብዙ ጊዜ አሰላስያለሁ። በሁለቱም ቀን የክባቸውን ቃል ታዘዋል፤ በአንዱ ቀን ቃሉ «ጠላት» ነበር፣ በሌላው «ጎረቤት»። ባህል የምንለው ነገር ሰውን ደግ ወይም ክፉ አድርጎ የሚፈጥር አይደለም፤ ለማን ደግ እንደምንሆን ቀድሞ የሚነግረን ነው። እኔ ራሴ በሁለቱም ቀን ከእርሳቸው ያነስሁ ነበርሁ።

* * *

ክብ ግን ይሰፋል። ያን ብስኩት የሰበረልኝ ብላቴና በ2019 እ.ኤ.አ. ሃያ አንድ ዓመት የሆነው ጎልማሳ ነበር። በኤፕሪል 6 ቀን ሕዝቡ ቡሪን ተጎራብቶ በሚገኘው የጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት ሲሰፍር እርሱ ከሴት አያቱ ድስት ምግብ እየጫነ ይመላለስ ጀመር። በዚያ ሰፈራ ቦታ «ካለህ አስቀምጥ፣ ከሌለህ ውሰድ» የሚል መፈክር ነበር። ቀደም ብሎም መንግሥት ጥፋቱን በዳርፉር ተወላጆች ላይ ሲያላክክ የካርቱም ወጣቶች «አገሩ ሁሉ ዳርፉር ነው» እያሉ መልሰውለታል። አሥራ አራት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ በመልክ የተለያየች ከተማ ናት ይህን ያለችው። ጁን 3 ቀን፣ በረመዳን ማብቂያ፣ ሰፈራው በጥይት ተበተነ፤ ከመቶ በላይ ሰው ተገደለ። ልጁ በሕይወት ተመለሰ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ካርቱም ላይ ፈነዳ። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ ለእኛ ቅዳም ስዑር ነበር፣ ለእነርሱ የረመዳን ሃያ አራተኛ ቀን። ከተማው በሙሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ጾም ላይ ነበረ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ተኩሱ ሲጀምር ቡሪ በአየር ማረፊያውና በጦር መምሪያው አጠገብ በመሆንዋ እሳቱ ከደጃችን ነበር። እኅቴ ከካርቱም ከሄደች ቆይታለች፤ እኔም ለብቻዬ ሁለት መንገድ ማዶ ተከራይቼ እኖር ነበር። ለፋሲካ ያሰናዳሁትን ዶሮ ምድጃው ላይ ትቼ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታክኬ ወደ ኻልቲ ሖሽ ሮጥሁ። ከማንኳኳቴ በፊት በሩ ተከፈተ።

ማታ እነርሱ አፈጠሩ፤ እኔ የፋሲካን ሌሊት እጠብቃለሁ። በጨለማ፣ መሬት ላይ ተኝተን፣ መድፉ ሲያጓራ የቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ ለሱሑር በሚነሡበት ሰዓት፣ ኻልቲ ትከሻዬን ነክተው ቀሰቀሱኝ። «ያ ቢቲ፣ የእናንተም ሰዓት ደርሷል» አሉኝ። ለእነርሱ ከዕለቱ የተረፈ ሥጋ ቀርቧል። ለእኔ ግን ለብቻው፣ በክዳን ተሸፍኖ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ። «ሥጋችንን እንደማትበዪ አውቃለሁ፤ ለበዓልሽ ባዶ አፍሽን እንዳትሆኚ» አሉ። በጥይት ድምፅ መካከል፣ በስምንት አስርት ዕድሜያቸው፣ የእኔን መሥመር አስታውሰው እንቁላል ቀቅለዋል። እነርሱ ጾማቸውን ሊጀምሩ፣ እኔ የሃምሳ አምስት ቀኑን ጾም ልፈታ፣ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን።

ያን ሌሊት አንድ ነገር ገባኝ። የሰው ልጅ መሥመር እንዳይኖረው መመኘት ከንቱ ነው፤ እኔ ያን ሌሊትም ሥጋውን አልበላሁም፣ ማንም ብዪ አላለኝም። መሥመር ግን ግንብም ይሆናል፣ የጎረቤትን ልማድ የምናውቅበት ምልክትም ይሆናል። ልዩነቱ ከመሥመሩ ማዶ ያለውን ሰው ማን ብለን እንደምንጠራው ነው።

ከሳምንታት በኋላ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ወጣሁ። ኻልቲም ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ሰሜን ሄዱ። የልጅ ልጃቸው ግን ቡሪ ቀርቶ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ለተራበ ሁሉ ድስት ጣደ፤ ሱዳኖች ከጥንት «ነፊር» የሚሉት፣ እኛ ደቦና ወንፈል የምንለው ነገር በጦርነቱ «የአስቸኳይ ጊዜ ክፍሎች» የሚል ስም ይዞ በየሰፈሩ ተነሣ። በ2025 እ.ኤ.አ. የኖርዌይ የራፍቶ ሽልማት ተሰጠው። የዚያ ዕውቀት ትምህርት ቤት ግን አንዲት «ዐይብ!» የምትል አያት ናት።

አሁን በየአገሩ ተበትነናል፤ ወደ ቡሪ የተመለሳችሁም አላችሁ። በአገራችንም በሱዳንም ስለ «እነ እገሌ» የሚነገረው ቃል በዝቷል። ለእኔ የቀረችኝ ሥራ አንዲት ትንሽ ዕርማት ናት። የልብስ አጣቢዋን ነገር ኻልቲን ጠይቄአቸው አላውቅም፤ በስልክ በተገናኘን ቁጥር ልጠይቅ እልና ይሉኝታ ይይዘኛል። የእድሩ መዝገብ ግን በእኔ እጅ የተጻፈ ነውና ዕርማቱም የእኔ ነው። ያን ምሽት ጠፍታ የነበረችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ በቃለ ጉባኤው ግርጌ እንዲህ ብዬ እጨምራለሁ፦ ልጅቱ የእኛ ነበረች፤ እንቅበራት።